አረጋውያንን በመራቅ ስለ ማክበር

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮና በየቡ፣ በሰቃና በሊሙ ገነት፣ ሽማግሌ ያለበትን ደጅ ሰላምታ ሳያቀርቡ ማለፍ ከጥንት ጀምሮ ነውር ነው። ከገበያ የሚመለስ ሰው ሸክሙን ደጃፍ ላይ አሳርፎ «እንደምን ዋሉ» ሳይል፣ ከቅዳሴ የወጣ ምእመን ከሰንበቴው ዳቦ ቆርሶ በሕመም ቤት ለዋሉት እናት ሳያደርስ፣ ከጁምዓ ሶላት የተመለሰ ጎልማሳ የጎረቤቱን ሼህ እጅ ስሞ ዱዓ ሳይቀበል ወደ ቤቱ ቢገባ፣ ሌላ ወቃሽ ባይኖርበት እንኳ የገዛ ኅሊናው ሳይወቅሰው አያድርም። ይህም ልማድ ከሃይማኖት ትእዛዝ የተቀዳ ነው። በክርስቲያኑ ዘንድ በሽበታሙ ፊት ተነሥቶ መቆም በኦሪት የታዘዘ፣ የታመመውን መጠየቅም በመጨረሻው ፍርድ ከሚመረመሩት የምሕረት ሥራዎች አንዱ መሆኑ በወንጌል የተነገረ ነው፤ በሙስሊሙም ዘንድ ቁርኣን ወላጆች ካረጁ በኋላ ልጅ የመሰልቸት ድምፅ እንኳ እንዳያሰማቸው ይከለክላል፤ በሽተኛን መጠየቅም አንዱ ሙስሊም በሌላው ላይ ካለው ሐቅ ይቈጠራል። ስለዚህ በዚህ አገር አረጋዊን የሚጠይቅ ሰው ዕዳውን ከፈለ እንጂ ቸርነት ሠራ አይባልም።

በ2012 ዓ.ም. ግን ይህ ጥንታዊ ዕዳ ከሌላ ዕዳ ጋር ፊት ለፊት ተጋጠመ። መጋቢት 4 ቀን የኮሮና በሽታ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ ከተነገረ በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በማስፈጸሚያ ደንቡም ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብና ለሰላምታ እጅ መጨባበጥ ተከለከለ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለው በዓለ ትንሣኤ ጥቂት ካህናት በቤተ መቅደስ ሲቀድሱ ምእመናን በየቤታቸው ሆነው እንዲያከብሩት ታዘዘ፤ ሚያዝያ 16 ቀን የገባው የረመዳን ጾምም የተራዊሕ ሶላቱ ከመስጊድ ወደ ቤት ተዛውሮ ተጾመ። ይህ ደዌ ከሁሉ አብልጦ የሚጥለው አረጋውያንን መሆኑ እየታወቀ ሲሄድ፣ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉቴሬዝም በዚያው ሚያዝያ ወር ከ80 ዓመት በላይ በሆናቸው ሰዎች ላይ የሚደርሰው የሞት መጠን ከዓለሙ አማካይ አምስት እጥፍ መሆኑን ሲያስታውቁ፣ የነገሩ ክብደት በየቤቱ ተሰማ። አረጋዊን ማክበር ወደ እርሱ መሄድ ነው ሲል ለኖረ ሕዝብ፣ አሁን አረጋዊን ማክበር ከእርሱ መራቅ ነው ተባለ። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ መራቅ በእውነት ክብርና ፍቅር ሊሆን ይችላልን? ሊሆን የሚችል ከሆነስ፣ መራቅን ከመጣል የሚለየው ድንበር ወዴት ነው?

ጥያቄው ለአባቶቻችን በዚህ መልክ አልቀረበላቸውም ነበር። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ በአገራችን በተነሣ ጊዜ፣ አልጋ ወራሹ ተፈሪ መኰንን ሳይቀሩ ታመው ከሞት አፋፍ እስኪመለሱ ድረስ፣ ታላቁንና ታናሹን፣ ጠያቂውንና ተጠያቂውን አንድ ላይ ይጥል ስለ ነበር፣ ስለ አጠያየቅ ሥርዓት ለመምከር ፋታ አልሰጠም፤ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ የምናቃጥልበት ልማድ እስከ ዛሬ የዚያ መቅሠፍት መታሰቢያ ሆኖ ቀርቷል። ወደ ጅማ ቀረብ ስንል ደግሞ፣ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ሸለቆና በአካባቢው የተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ በአፍሪካ ከታወቁት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ ታላቁ ሲሆን፣ ወደ 30,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። በ2012 ዓ.ም. ሰባና ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸው የነበሩት የዚህ አገር ሽማግሌዎች የዚያን ጊዜ ልጆችና ጎረምሶች ነበሩ፤ ስለዚህ ወረርሽኝን ከእኛ ከልጆቻቸው ይልቅ እነርሱ ያውቁታል። ነገር ግን ቢጫ ወባን ከሰው ወደ ሰው የምታሻግረው ትንኝ ናት፤ ጠያቂው ወደ በሽተኛው ቤት ሲገባ በትንፋሹ ይዞት የሚገባው መርዝ የለም። ኮሮና ግን በትንፋሽ ይጋባል፤ ከዚህም የሚከፋው፣ ደዌው ያደረበት ጎልማሳ አንዳች ሕመም ሳይሰማው፣ ብርቱና ደስተኛ ሆኖ ሳለ፣ ለሌላው ማስተላለፍ መቻሉ ነው። ስለዚህ ጠያቂው ራሱ፣ ከነፍቅሩና ከነስጦታው፣ የመቅሠፍቱ መንገድ የሚሆንበት ዘመን መጣ፤ መልካም አሳብ ያለው ሰው በመልካም አሳቡ ብቻ ሊታመን የማይችልበት ፈተና ተጣለ።

በእንዲህ ያለ ፈተና ጊዜ ወደ አበው ታሪክ መመልከት የልማዳችን ነው። በሦስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ብርቱ ቸነፈር በተነሣ ጊዜ፣ ዐሥራ አራተኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ዲዮናስዮስ በጻፈው መልእክት፣ ክርስቲያኖች ለራሳቸው ሳይሣሡ ወደ ድውያኑ እየገቡ እንዳስታመሙ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ያስታመሙትን ደዌ ተቀብለው እንደ ሞቱ፣ ይህንም ሞት ከሰማዕትነት እንደማያሳንሰው መስክሯል። በሌላ ወገን፣ በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ በሻም ምድር የዐምዋስ ቸነፈር በገባ ጊዜ፣ ኸሊፋው ዑመር ኢብን አል ኸጧብ ሰርግ እስከሚባለው ስፍራ ከደረሱ በኋላ ከሰሐቦች ጋር ተማክረው ወደ መዲና ተመለሱ። ከሰሐቦቹ አንዱ አቡ ዑበይዳ ይህ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ አይደለምን ብለው በጠየቋቸው ጊዜም፣ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ መሄድ መሆኑን መለሱላቸው፤ ሌላው ሰሐባ ዐብዱራሕማን ኢብን ዐውፍም ቸነፈር ወዳለበት አገር መግባትን፣ ካለበትም አገር ሸሽቶ መውጣትን የሚከለክለውን የነቢዩን ቃል በመሰከሩ ጊዜ ነገሩ ጸና።

እነዚህ ሁለት ምሳሌዎች ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ተቃራኒ ይመስሉታል፤ አንዱ ግቡ፣ ሌላው አትግቡ ይላልና። ጠለቅ ብሎ ለሚመረምር ግን ሁለቱም በአንድ ሚዛን የተመዘኑ ናቸው፤ ሚዛኑም ከእኔ መቅረብ ወይም መራቅ ባልንጀራዬ የሚያገኘው ምንድን ነው የሚለው ነው። የእስክንድርያው ድውይ ውኃ የሚያቀብለው ሰው ባያገኝ በጥማት ይሞት ነበርና ለእርሱ መቅረብ ሕይወት ነበር፤ የዑመር ባልንጀሮች ወደ ሻም ቢገቡ ግን ለማንም ሳይተርፉ ራሳቸው ይጠፉ ነበርና መመለሳቸው ሕይወት ነበር። በጅማ ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ በጤና ተቀምጠው ልጆቻቸውን የሚናፍቁት አረጋዊ ከሁለተኛው ወገን ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸው ጥበቃ ነውና መራቅ ይገባል። የታመሙ እንደ ሆነ ግን ወዲያው ወደ ፊተኛው ወገን ይሻገራሉ፤ በዚያን ጊዜ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ እጁን ታጥቦ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ከአጠገባቸው የሚቆም አስታማሚ ሊያጡ አይገባም። እንግዲህ መራቅ ፍቅር ሊሆን ይችላልን ለተባለው ጥያቄ መልሱ አዎን፣ ይችላል የሚል ነው።

ነገር ግን በዚህ መልስ ላይ ማረፍ አደገኛ ነው፤ ሚዛኑ የሚመዝነው ባልንጀራው የሚያገኘውን እንጂ ራቂው የሚያተርፈውን አይደለምና። ከመጠየቅ የሚርቅ ሰው ሁሉ ስለ አረጋዊው ብሎ አይርቅም፤ የመንገዱን ድካም፣ የትራንስፖርቱን ወጪ፣ ተደጋግሞ የሚሰማውን የጥንት ወሬ፣ የጆሮአቸውን መክበድ ሽሽት የሚርቅም አለ፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ወረርሽኙ ሳይታሰብ የተገኘ የክብር ልብስ ሆነለት። ሁለቱ ሰዎች ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ቤታቸው ተቀምጠዋል። የሚለያቸው ምልክት አንድ ብቻ ነው፤ መራቅ ፍቅር የሚሆነው ራቂው ሲደክምበት ነው። ሄዶ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሰዓት የሚፈጽመውን ፍቅር ርቆ ሊፈጽመው ቢወድ፣ ደጋግሞ መደወል፣ ሰው መላክ፣ መድኃኒቱን ማስገዛት፣ የጡረታ ደመወዛቸውን ተሰልፎ የሚቀበል ታማኝ መፈለግ፣ የሚበላውንና የሚጠጣውን ደጃፍ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ሁሉ በኋላ ዛሬ እንዴት እንዳደሩ ማወቅ ያስፈልገዋል። የቡና ገበሬ የጥላውን ዛፍ ከቡናው ግንድ ጋር ሥር ለሥር አያጠላልፈውም፣ የአፈሩን ምግብ ይሻማበታልና፤ ዛፉ ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ጥላውን ግን ፀሐይ በወጣ ቁጥር ወደ ቡናው ያደርሳል። ጥላውን የማያደርስ ዛፍ በሩቅ መቆሙ ለቡናው የሚረባው ነገር የለም።

ይህን ድካም በቅርብ ካየሁበት ስፍራ አንዱ በአጋሮ መንገድ ዳር ያለች የአንዲት አሮጊት እናት ቤት ናት። በዚያ ወራት ስልክ የሚደውል ሰው ሁሉ የጥሪው ድምፅ ከመሰማቱ አስቀድሞ እጅን ስለ መታጠብና ርቀትን ስለ መጠበቅ የሚመክር የተቀዳ መልእክት ይሰማ ነበር። እኒህ እናት ለአዲስ አበባው ልጃቸው ሲደውሉ ያንን መልእክት እንደ እንግዳ ቃል በጸጥታ እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ «አሜን፣ አንተው ጠብቀን» ይሉና ከዚያ በኋላ ነበር የልጃቸውን ድምፅ የሚጠብቁት። ሴት ልጃቸው ግን እንደ ብዙዎቹ የጅማ ዞን ልጆች በዐረብ አገር ሠራተኛ ስለ ነበረች፣ የሚገናኙት በጎረቤት ልጅ ስልክ፣ ኢሞ በሚባለው የኢንተርኔት መደወያ ነበር። ልጂቱም በደወለች ቁጥር አንድ ጥያቄ አታጣም፤ የታናሽ ወንድሟ እጮኛ ከየትኛው ቤተ ሰብ መሆን እንደሚገባት፣ የላከችው ገንዘብ ለጣራ ይሁን ለቡና ማድረቂያ አልጋ፣ ያየችው ሕልም ምን እንደሆነ ትጠይቃለች፤ እናትም ወዲያው አይመልሱም፣ «አስቤበት ልንገርሽ» ብለው ለሚቀጥለው ጊዜ ያሳድሩታል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገሪቱ ሁሉ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል በቆየ ጊዜ ያ ገመድ ተበጠሰ። ባለ ስልኳ ጎረቤት ግን ከደጃፉ ራቅ ብላ ቆማ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ «እማማ፣ ዛሬም አልተመለሰም» ለማለት ብቻ ማታ ማታ መምጣቷን አላቋረጠችም። እርሳቸውም በረንዳቸው ላይ ሆነው ለልጃቸው ሊነግሯት ያሰቡትን መልስ ለእርሷ ይነግሯት ነበር። ምንም ወሬ ሳይኖራት የምትመጣዋ ያቺ ልጅ፣ በኔ አስተያየት፣ በዚያ ክረምት በአጋሮ ከተፈጸሙት ትሩፋቶች ከፍ ያለውን ፈጽማለች።

ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድነት የሚያከብሩት የያዕቆብና የዮሴፍ ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። ያዕቆብ በእርጅናው ዘመን ከሚወደው ልጁ ተለይቶ በኀዘን ኖረ፤ ቁርኣን እንደሚተርከው ዐይኖቹም ከኀዘን ብዛት ጠፉ። ዮሴፍ በግብፅ ሹመት ላይ ሆኖ ሳለ ለአባቱ ቤት የሚበቃ እህል ልኮ ነበር፤ የአባቱን ዐይን ያበራው ግን እህሉ ሳይሆን፣ በፊቱ ላይ እንዲጣል የላከው የገዛ ቀሚሱ ነው። እህል ሆድን ይሞላል እንጂ የልጅን መዓዛ አያመጣም። በወረርሽኙ ጊዜ ለአረጋውያን ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና ያከፋፈሉ ሁሉ የተመሰገኑ ናቸው፤ ነገር ግን ዱቄቱን ከደጅ አስቀምጦ ስም ሳይጠራ የሄደ ሰው እህሉን ልኮ ቀሚሱን አስቀርቷል።

ከዚህም አልፎ ወደ ነገሩ ሥር ስንደርስ፣ አረጋዊ ሰው በብቸኝነት የሚጎዳው ሰው ባለማየቱ ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን። ባሕታዊ ለብዙ ዘመን ፊተ ሰው ሳያይ ይኖራል፣ ብቸኛ ግን አይደለም፤ ስለ ዓለም ሁሉ የሚጸልይ አገልጋይ መሆኑን ያውቃልና። በጅማ አገር አረጋዊ ሰው በሰው መካከል ያለው ስፍራ የተሠራው በሚሰጠው ነገር ነው፤ ባልና ሚስትን ያስታርቃል፣ የድንበር ጠብ ይዳኛል፣ በዱዓው ስፍራ ይመርቃል፣ በለቅሶ ቤት ያጽናናል፤ አሮጊቷም ቡናዋን ቆልታ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ስታዳርስ ሰፈሩን ሁሉ ሰብስባ የምትመግብ እመቤት ናት። ወረርሽኙ እነዚህን መንበሮች በአንድ ቀን ገለበጣቸው፤ መካሪው ተመካሪ፣ መራቂው ተጠባቂ፣ ሰብሳቢዋ የምትፈራ ሆነች። ሐጅ ለማድረግ ከቡና ሽያጭ ለዓመታት ሲያጠራቅሙ ለኖሩት ሽማግሌዎችማ ፈተናው እጥፍ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ሐጁ በሳዑዲ ዐረቢያ ውስጥ ለሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ ሲፈቀድ፣ በተከታዮቹ ሁለት ዓመታትም ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆነ ሁሉ ስለ ተከለከሉ፣ ገንዘቡም ነይቱም ሳይጐድል እርጅናቸው ራሱ መከልከያ ሆነባቸው።

ስለዚህ አረጋዊን ከሰው ጋር አገናኝቶ ማኖር ማለት ድምፅ ማሰማት ብቻ ሳይሆን፣ ከእርሱ የምንፈልገው ነገር መኖሩን በሥራ ማሳየት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ሽምግልናውን ጠቅሶ ለፊልሞና መልእክት በላከ ጊዜ በእስራት ላይ ነበር፤ እግሩ ከደጅ አይወጣም፤ ነገር ግን ከጌታው ኰብልሎ የመጣውን አናሲሞስን ከጌታው ጋር የሚያስታርቅ ሽማግሌ ሆኖ ይሠራ ነበር። እስራቱ ከመንገድ አገደው እንጂ ከሽምግልናው አልሻረውም።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ነገር በ2013 ዓ.ም. የቡና ለቀማ ወራት በሊሙ መንገድ ባለች አንዲት ቀበሌ አይቻለሁ። አባታቸው ባወረሳቸው የቡና ማሳ ድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ ወደ ሆናቸውና ከመጋቢት ወዲህ ከግቢያቸው ወዳልወጡ አንድ ሽማግሌ ጉዳያቸውን አመጡ። ሽማግሌው በረንዳ ላይ በበርጩማቸው ተቀመጡ፣ ወንድማማቾቹ በአቮካዶው ዛፍ ሥር በየድንጋያቸው ተራርቀው ተቀመጡ። ጆሮአቸው የከበደ ስለ ነበረ ከዚያ ርቀት ለማሰማት መጮኽ ግድ ነው፤ መጮኽ ደግሞ የቤተ ሰብን ምሥጢር ለመንገደኛ ማሰማት ነው። ስለዚህ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት የልጅ ልጃቸው በመካከል እየተመላለሰች የእያንዳንዱን ቃል ለአያቷ፣ የአያቷንም ቃል ለእነርሱ እንድታደርስ ተደረገ። እነዚያ ወንድማማቾች በሕፃኒቱ አፍ የማይነገር ቃል ሁሉ በልባቸው እየመለሱ፣ ስድቡን እየጣሉ፣ ነገሩን ብቻ መናገር ጀመሩ፤ ጉዳዩም እስከ እኩለ ቀን አለቀ። ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ከሩቅ አንሥተው መረቁ፣ ሁለቱም ባሉበት ቆመው «አሜን» አሉ። በዚያን ቀን ለአረጋዊው የተሰጣቸው ስጦታ ምንድን ነው ቢባል፣ ሥራቸው ተመለሰላቸው የሚል ነው መልሱ።

አሁን አንድ ብርቱ ተቃውሞ ልንሰማ ይገባል፤ እርሱም ከራሳቸው ከአረጋውያን አፍ የሚወጣው ነው። «ሞት አይቀርልኝም፤ የልጅ ልጄን ሳላቅፍ ሁለት ዓመት ከምኖር አቅፌ አንድ ወር ብኖር ይሻለኛል» የሚሉ አባቶችና እናቶች ነበሩ፤ ይህንም ቃል የሽምግልና መጃጀት ነው ብሎ መናቅ ክብርን መድፈር ነው። ከዕድሜ ይልቅ የዕድሜን ፍሬ የሚመርጥ ሰው በፍልስፍናም በሃይማኖትም የተከበረ ምክንያት አለው። ነገር ግን ሁለት ነገር ሊመለስለት ይገባል። አንደኛ፣ ደዌው በእርሳቸው ላይ ቆሞ የሚቀር አይደለም፤ ከእርሳቸው ወደሚያገለግሏቸው ልጅ፣ ወደ ጎረቤታቸው አሮጊት፣ ወደምታክማቸው ነርስ ይሻገራልና፣ ለራሳቸው የመረጡት ለሌላው ያልመረጠው ሞት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የሕይወታቸውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ የሚገምተው ዓለም ይህን ቃላቸውን ለክፉ እንዳይጠቀምበት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት በኢጣልያ የመተንፈሻ መሣሪያ ባነሰ ጊዜ የአገሩ የማደንዘዣና የጽኑ ሕሙማን ሐኪሞች ማኅበር ወደ ጽኑ ሕክምና ለመግባት የዕድሜ ወሰን ማድረግ ሊያስፈልግ እንደሚችል እስከ መጻፍ ደርሶ ነበር፤ በእኛ አገር ግን በሰኔ ወር ዕድሜያቸው ከመቶ ዓመት በላይ ነው የተባሉ አረጋዊ በአዲስ አበባ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ታክመው ድነው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ሽማግሌ ስለ ራሱ ሞት ይቅርብኝ ወይም ይምጣብኝ ሊል ይችላል፤ ሌላው ሰው ግን ስለ እርሱ እንዲህ ሊል ሥልጣን የለውም።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት አረጋዊን ሳይጠይቁ በርን በላያቸው መዝጋትም፣ ሳይጠነቀቁ በርን መክፈትም ሁለቱም ስሕተት መሆኑን ነው። መራቁ እንዴት ይሁን የሚለውን ከራሳቸው ጋር መምከር ይገባል፤ ከቤት ውስጥ ይልቅ ነፋስ በሚያገኘው ግቢ፣ በአጭር ሰዓት፣ አፍን ሸፍኖ መገናኘት አደጋውን እንደሚያሳንስ ከተነገራቸው፣ አብዛኞቹ አረጋውያን ከልጆቻቸው የበለጠ ጥንቁቆች ናቸው። ስማቸው በሚነሣበት ጉዳይ ሁሉ መካሪ ሆነው ሊቀመጡ ይገባቸዋል።

ይህ ሁሉ ግን ለእያንዳንዱ ሰው ቸርነት ብቻ ሊተው አይገባም፤ ልጅ የሌላቸው፣ ልጆቻቸው የሞቱባቸው ወይም የረሷቸው አረጋውያን ብዙዎች ናቸውና። በዚህ አገር ለዚህ ሥራ አዲስ ማኅበር መፍጠር አያስፈልግም፤ ያሉት ይበቃሉ። እድር የእያንዳንዱን ቤተ ሰብ ስም በመዝገብ የያዘ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ያለው፣ ሞት በተሰማ ጊዜ ጡሩምባ አስነፍቶ ሰፈሩን በአንድ ሌሊት የሚያነቃንቅ ኀይል ነው፤ ለሬሳ የሚነቃነቀው ይህ ኀይል በሕይወት ላለውም ሽማግሌ በየሳምንቱ አንድ ጠያቂ በተራ ቢመድብ መዋጮው አንዲት ሳንቲም አይጨምርም። መስጊድም በጀመዓ ሶላት ከሰልፉ የጐደለውን ሰው የሚያውቅ ዐይን አለው፤ ቤተ ክርስቲያንም ለየቤተ ሰቡ የንስሐ አባት መድባለች፤ በር በተዘጋበት ወራት የንስሐ አባትና ኢማም የጐደሉትን ስም በስልክ የሚጠሩ ሊሆኑ ይገባቸዋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲም ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትነቱ ዘመን ጀምሮ ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ እያወጣ በማስተማር የታወቀ ነው፤ ወረርሽኝ በሌለበት ዘመን እያንዳንዱ ተማሪ የአንድ አረጋዊ ቤት የሚያውቅ ቢሆን፣ ወረርሽኝ በመጣ ቀን ስማቸውንና ሕመማቸውን የሚያውቅ ደዋይ ለመፈለግ አንደክምም ነበር። ይህን ሥራ የሚሠራ ሁሉ ግን ከላይ የተናገርነውን አይርሳ፤ ለመስጠት ብቻ ሳይሆን ለመጠየቅ ይደውል፤ ምክር ይለምን፣ የጥንቱን ታሪክ ያስነግር፣ ምርቃት ይቀበል።

መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በሽታው ወደ አገር መግባቱ በተነገረ ልክ በዓመቱ፣ ክትባት በኢትዮጵያ ተጀመረ፤ ከጤና ባለሙያዎች ቀጥሎም ቅድሚያ ከተሰጣቸው መካከል አረጋውያን ነበሩ። ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የዓለም አቀፍ የጤና አደጋው ጊዜ ማብቃቱን አወጀ። እንግዲህ የመራቅ ምክንያት አልፏል፤ በዚህም ምክንያት የመራቃችን እውነተኛ ጠባይ አሁን ይፈተናል። ስለ ፍቅር ርቆ የነበረ ሰው፣ የከለከለው ነገር ከተነሣለት ጊዜ ጀምሮ ወደ ሽማግሌው ደጅ ተመልሷል፤ ካልተመለሰ ግን የራቀው በሽታውን ሳይሆን ሽማግሌውን ነበር። ሌላ ወረርሽኝ አይመጣም ብሎ የሚዋስ የለም፤ በመጣ ጊዜ በሩቅ ሆነን እንድናከብራቸው የምንችለው ዛሬ በቅርብ ሆነን የምናውቃቸውን ብቻ ነው፤ ድምፁን የማናውቀውን ሰው በስልክ ልናጽናናው፣ ሥራውን ያልጠየቅነውን ሽማግሌ ከሩቅ ልናማክረው አንችልምና። ስለዚህ ይህን የሚያነብ ሁሉ በዚህ ሳምንት ወደሚያውቀው አረጋዊ ይሂድ፤ ሲሄድም ስኳርና ሳሙና ብቻ ሳይሆን፣ መልሱን ከእርሳቸው በቀር ከማንም ሊያገኘው የማይችለውን አንድ እውነተኛ ጥያቄ ይዞ ይሂድ።